መርካቶን ማን ያስጎብኝልን?



ካሜራ ያንጠለጠሉ እንግዶች አስጎብኚ ተከትለው መርካቶን በእግር ሲዞሩ ያላየ የከተማ ልጅ የለም። ጉብኝቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ምክር ይጀምራል፦ «ኪሳችሁን ጠብቁ!» ከዚያ «የአፍሪካ ትልቁ ገበያ» ይባላል፤ ቅመም ይሸተታል፤ ሸክም የከበደው ወዛደር ሳይጠየቅ ፎቶ ይነሳል፤ አንዋር መስጊድ በጣት ተጠቁሞ ይታለፋል። አለቀ! የሰው ላብ ትርኢት የሆነበትን ይህን ጉዞ ጉብኝት ብሎ መጥራት ይከብደናል።

የሚዘለለውን እስኪ እንይ። ፋሽስት ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ፣ ነጭና ጥቁር እንዳይቀላቀል ብሎ ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ አንስቶ ወደ ምዕራብ ገፋው። «መርካቶ» የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከዚያ ነው። ለመለያየት በተከለለው መሬት ላይ ግን ነጋዴው መተማመንን ተከለበት። ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ከየመን የመጣው ዐረብ ጎን ለጎን ሱቅ ከፈቱ። በቃል ብቻ ዱቤ ተሰጠ፤ እቁብ ተጣለ። አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተክርስቲያን ዛሬም ጎረቤታሞች ናቸው። ምናለሽ ተራን ተመልከቱ! ቆራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው ጣሳና ብረት እዚያ ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል። እንግዳው ግን የቆሻሻ ክምር አይቶ ይመለሳል።

«ቱሪዝም እንጀራ ነው፣ አትንኩት» የሚሉን ይኖራሉ። እንጀራውን ማን ጠላ? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ነጋዴ ነበሩ። ነገር ግን ሱረቱል ሙጠፊፊን የሚከፈተው በሚዛን የሚያጎድሉትን በማስጠንቀቅ ነው። የሕዝብን ታሪክ አጉድሎ መሸጥስ ከዚህ በምን ይለያል?

ጣት መቀሰር ብቻውን ግን ዋጋ የለውም። በጥቅምት 2017 ሸማ ተራ ላይ የተነሳው እሳት የስንቱን ንብረት እንደበላ አይተናል። የተቃጠለ ሱቅ መልሶ ይሠራል፤ ያልተመዘገበ ትዝታ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ስለዚህ ወንድሜ፣ መርካቶ ላይ ያረጁትን አባቶች ከዐስር ሰላት በኋላ ቁጭ ብለህ ጠይቃቸው፤ ፈቅደውልህ ድምፃቸውን በስልክህ ቅዳ። ቋንቋ የምትችዪ እህቴ፣ የአስጎብኚነት ሥልጠናውን ውሰጂና ታሪኩን አንቺ ተናገሪው። ሱቅ ያለህ ደግሞ፣ እንግዳ መጣ ብለህ ዋጋ አትቆልል። አንተ በሐቅ የመዘንክለት ሰው ስለ መርካቶ አገሩ ገብቶ የሚያወራው ሌላ ይሆናል።

የገበያው ልጆች ዝም ካልን፣ ከመርካቶ ለዓለም የሚተርፈው «ኪሳችሁን ጠብቁ» የሚለው ቃል ብቻ ነው። አላህ ያግራልን!

ወላሁ አዕለም።