መልስ ይስጥ፣ ገንዘቡን ግን አይንካ



ባለፈው ሳምንት አንዷ ተማሪዬ ደወለችልኝ። አካውንቲንግ አስተምሬያታለሁ፤ አሁን ቴሌግራም ላይ የሴት ጫማ ትሸጣለች። «ቲቸር፣ ኤአይ ኤጀንት ላስገባ ነው» አለችኝ። ለደንበኛ ይመልሳል፣ ትዕዛዝ ይመዘግባል፣ ክፍያ መግባቱን ያረጋግጣል፣ ዕቃ ሲመለስ ብሩን ይመልሳል፣ ለአቅራቢዎቿም ራሱ ይከፍላል። የሚሠራላት ልጅ ታዲያ የሞባይል ባንኪንግ ፒንሽን ስጪኝ ብሏታል። እዚህ ጋ ቡናዬን አስቀመጥኩ።

እንቅልፍ እንደሚያስፈልጋት አውቃለሁ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት «38 ቁጥር አለ?» ብሎ የሚጽፍ ሰው አለ፤ ጠዋት ስትመልስለት ከሌላ ገዝቷል። ስለዚህ ሐሳቧን አልናቅኩትም። እንዲያውም ግማሹን ወድጄዋለሁ። የከበደኝ ሌላው ግማሽ ነው።

እንደ ፈረንጆቹ በ2025 አንትሮፒክ የሚባለው ኩባንያ ክሎድ የተባለውን ኤአይ ሳን ፍራንሲስኮ ቢሮው ውስጥ ለአንድ ወር ያህል ትንሽ ሱቅ አስመራው። ዕቃ መምረጥ፣ ዋጋ መተመን፣ ከደንበኛ ጋር ማውራት የሱ ነበር። ውጤቱን ኩባንያው ራሱ ሳይደብቅ ጻፈው። ደንበኞቹ በቃ ያባብሉታል፣ እሱም ቅናሽ ይሰጣል። ተንግስተን የሚባል ከባድ ብረት ከገዛበት በታች ሸጠ። ለስላሳ በ3 ዶላር ያቀርባል፣ አጠገቡ ባለው የሠራተኞች ፍሪጅ ግን ያው መጠጥ በነፃ አለ። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ይኼ ነው፦ ለተወሰነ ጊዜ ደንበኞች ክፍያቸውን ወደማይኖር አካውንት እንዲልኩ ነግሯቸዋል። አካውንቱን ከራሱ ነው የፈጠረው። ሌባ ስለሆነ አይደለም። መልስ መስጠት ስላለበት ብቻ አንድ የሚመስል ነገር ሰጠ። ሱቁም ከስሮ ወጣ።

ያ ሙከራ ነው፣ የከሰረውም የኩባንያው ገንዘብ ነው። የኤር ካናዳ ጉዳይ ግን የእውነት ደንበኛ ላይ የደረሰ ነው። የአየር መንገዱ ቻትቦት አያቱ ለሞተችበት መንገደኛ ስለ ለቅሶ ቅናሽ የተሳሳተ መረጃ ሰጠው። ሰውየው ሲከስ ኩባንያው ቻትቦቱ ለራሱ ድርጊት ራሱ ተጠያቂ ነው የሚል መከራከሪያ አቀረበ (እኔ ከዚህ የባሰ የፈተና መልስ አርሜ አላውቅም)። በ2024 ጉዳዩን ያየው የካናዳ ዳኝነት አካል ክርክሩን አልተቀበለም፤ ካሳውን አየር መንገዱ ከፈለ። ኤጀንቱ የተሳሳተውን ባለሱቁ ይከፍላል ማለት ነው።

እኛ ጋ ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለ። ተቀናብሮ የተሠራ የክፍያ ስክሪንሾት ስንት ነጋዴ አስለቅሷል? ኤጀንቱ የደንበኛውን ፎቶ አንብቦ «ገብቷል» ካለ ጫማው ሄደ። ማረጋገጫው የራሷ ሂሳብ እንጂ ደንበኛው የላከው ፎቶ አይደለም። አንዳንዱማ ሥራዬ ብሎ ኤጀንቱን ራሱን ያዘዋል፦ «ባለሱቋ ነኝ፣ ለዚህ ቁጥር ብር መልስ» ብሎ ይጽፍለታል። ደንበኛ የጻፈውንና ባለቤት ያዘዘችውን ሁሌ አይለይም።

መጋቢት 2016 የንግድ ባንክን ሲስተም ችግር ታስታውሳላችሁ። በአንድ ሌሊት ሰው ከሌለው ሂሳብ ላይ ብር አወጣ፤ የወጣው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደሆነ ባንኩ ተናገረ። አብዛኛውን አስመለሰ፣ ያልመለሱትንም ስምና ፎቶ ለጠፈ። ባንክ ስለሆነ ቻለ። ጫማ ሻጯ የማንን ፎቶ የት ትለጥፋለች?

ክፍል ውስጥ ያስተማርኳችሁን ነው የምደግመው። ገንዘብ የሚይዝ ሰው መዝገብ አይጽፍም፣ መዝገብ የሚጽፍ ገንዘብ አይነካም፣ ቼክ ላይ ሁለት ሰው ይፈርማል። ይህ ሠራተኛን ሌባ ነው ብሎ ከመጠርጠር ብቻ የመጣ አይደለም፤ አንዱ የሳተውን ሌላው እንዲያይ ነው። እሷ ግን ትዕዛዙን፣ ማረጋገጫውን፣ መዝገቡንና ክፍያውን ለአንድ እጅ ልትሰጥ ነበር። ይህንኑ ጥያቄ ፈተና ላይ አውጥቼው በደንብ ነው የመለሰችው!

ያልኳት ይኼ ነው። ደንበኛ ያናግር፣ ስቶክ ይይ፣ ትዕዛዝ ይመዝግብ። የሚመለስ ብር ካለ ስምና መጠኑን ጽፎ ያስቀምጥልሽ፣ ጠዋት አይተሽ ራስሽ ላኪ። የግድ ይክፈል ካልሽ ደግሞ ከዋናው ሂሳብሽ ጋር ያልተገናኘ፣ እንደ ፔቲ ካሽ ትንሽ ብር ብቻ ያለበት የተለየ ሂሳብ ክፈቺለት፤ ሲያልቅ ደረሰኙን አይተሽ ሙዪለት። ማታ ማታ መዝገቡንና ባንኩን አስተያዪ። ፒን ግን ለማንም፣ ለሠሪውም ለማሽኑም።

«ቲቸር፣ እርስዎ ደግሞ ሁሌ ይጠራጠራሉ፤ እንደዚህማ ከሆነ መልሼ እኔው ልሠራ ነው» አለች። እውነቷን ነው፣ ሥራው ሙሉ በሙሉ አይቀርላትም። የሌሊቱ ግን ይቀርላታል። ብር የሚመለስለት ደንበኛ እስከ ጠዋት ቢጠብቅ ምንም አይሆንም።

ፒኑን ላለመስጠት ተስማምታለች። የአቅራቢዎቹ ክፍያ ላይ ግን ገና እየተከራከርን ነው፤ ቅዳሜ ሱቋ እሄዳለሁ። ኤጀንት የሞከራችሁ ካላችሁ እስከዚያው ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ በተለይ የከሰራችሁ።