ሰባት ቤት ቁጠሩ

የአዳማ ሰው፣ የወንጂ፣ የሞጆ፣ የመተሐራ፣ የመቂ፣ የባቱ፣ የሻሸመኔ ሰው፣ ስሙኝ!

በለቅሶ ድንኳን ስንት ጊዜ ሰምተነዋል? «ምንም አልነበረውም፤ ኳስ እየተጫወተ ወደቀ።» «ዋና ያውቅ ነበር እኮ፤ ሶደሬ ገብቶ አልወጣም።» «ማታ በሰላም ተኛች፤ ጠዋት አልነቃችም።» ከዚያ አንዲት አሮጊት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አጎቱም እንዲሁ ነበር የሄደው» ይላሉ። ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል። ንፍሮው ይዞራል፤ ድንኳኑ ይነሳል። የአሮጊቷ ቃል እዚያው ይቀራል።

እንዳይቀር! ሐኪም የሚፈልገው ያንኑ ቃል ነው።

ልብ የምትመታው በገዛ ራሷ ኤሌክትሪክ ነው። ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ካልሲየም በልብ ሴሎች ላይ ባሉ ጥቃቅን በሮች ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ ምቱ የሚነሳው ከዚያ ነው። በሮቹ የሚሠሩት ደግሞ ከእናት ከአባት በወረስነው ጂን ነው። ጂኑ ላይ ትንሽ ስሕተት ሲገባ በሩ ዘግይቶ ይዘጋል፣ ወይም ያለጊዜው ይከፈታል። ልጁ ጤነኛ ነው፤ ይሮጣል፣ ይማራል፣ ያድጋል። አንድ ቀን ምቱ ይዘበራረቅና ልብ መንቀጥቀጥ ብቻ ትጀምራለች፤ ደም መርጨት ታቆማለች።

ከእነዚህ የውርስ ችግሮች አንዱን ሐኪሞች ሎንግ ኪውቲ ይሉታል። ጣሊያን ውስጥ በአራስ ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት ከ2,000 ሰው አንዱ ገደማ ይዞት እንደሚወለድ አሳይቷል። የልብ ጡንቻ የሚወፍርበት ሌላው ሕመም ከ500 ሰው በአንዱ ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2003 የካሜሩኑ እግር ኳስ ተጫዋች ማርክ ቪቪየን ፎዬ ሊዮን ሜዳ ላይ ወድቆ ሲሞት በአስከሬን ምርመራው የታየው ይኸው ነበር።

ከእነዚህ ችግሮች አብዛኞቹ ከአንድ ወላጅ ብቻ ይተላለፋሉ። እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። አንድ ሰው ላይ ተገኘ ማለት ወንድሙም፣ እህቱም፣ ልጁም ይመርመሩ ማለት ነው።

እኛ ደግሞ ዘር ስንቆጥር የማንደክም ሕዝብ ነን። ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። የኦሮሞ ሽማግሌ የአባቶቹን ስም ወደኋላ ሲደረድር ማን ያስቆመዋል? ለጋብቻ የቆጠርነውን ለልብም እንቁጠረው!

ቁጠሩ። 40 ዓመት ሳይሞላው በድንገት የሄደ ማን ነው? ሲሮጥ የሚወድቅ ማን ነው? የስልክ ደወል አስደንግጦት ራሱን የሳተ ማን ነው? መስማት ተስኖት የተወለደ፣ ሲደነግጥም የሚወድቅ ልጅ አለ? (ሎንግ ኪውቲ ከሁለቱም ወላጆች ሲመጣ ከመስማት ችግር ጋር አብሮ የሚታይበት ጊዜ አለ።) ዋና እየቻለ ውኃ ውስጥ የቀረስ? ከሎንግ ኪውቲ ዓይነቶች አንዱ በተለይ ዋና ላይ ይነሳል። እንደሚባለው የላንጋኖ ሐይቅ ግብር ጠይቆ ላይሆን ይችላል፤ ልቡ ቀድማ ቆማ ይሆናል።

የወደቀ ሁሉ የሚጥል በሽታ የያዘው አይደለም። ክብሪት ጭረን ማስሸተት ይብቃን። ቡዳ ነው፣ ጥላ ወጊ ነው ማለትም ይብቃን። ጠበል መውሰድ የሚፈልግ ይውሰድ፣ አልከለክልም፤ መንገዱ ላይ ግን ልጁን ኢሲጂ ያስነሳው።

ኢሲጂ የልብን ኤሌክትሪክ የሚያነብ ምርመራ ነው፤ አያምም። ደረት ላይ ጥቂት ገመዶች ይለጠፋሉ፣ ወረቀቱ ይወጣል፣ አለቀ። አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ፣ ትልልቆቹ ዛሬም ኃይለ ማርያም ማሞ የምትሉት፣ ሂዱ። ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ አትፈሩ፣ አታሳጥሩ፤ የአጎቱን ሞት ንገሩት፣ ልጁ ምን እያደረገ እንደወደቀ ንገሩት። እረፍት ላይ የተነሳ ኢሲጂ ንጹሕ መስሎ ችግሩ ሩጫ ላይ ብቻ የሚወጣበት ጊዜ ስላለ ታሪኩ ከወረቀቱ እኩል ይመዝናል። ነገሩ ከረቀቀም ዶክተር በላይ አበጋዝ ያቋቋሙት፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከል አለ።

ችግሩ ከተገኘ ደግሞ መድኃኒት አለው። ፕሮፕራኖሎልን የመሳሰሉ የቆዩ መድኃኒቶች የስንቱን ልብ ያረጋጋሉ። የሚብሰው አለማወቁ ነው፤ የማያውቅ ሰው ከፋርማሲ በራሱ ፈቃድ አዚትሮማይሲን ወይም ኢሪትሮማይሲን ይገዛል፤ ሁለቱም ሎንግ ኪውቲን ያብሳሉ። ለወባ የሚሰጠው ክሎሮኪንም እንዲሁ። ወባችሁን አትታከሙ ማለቴ አይደለም! «ራሴን የመሳት ነገር አለብኝ» በሉ፤ ይህችን ቃል ብቻ ለጤና ባለሙያው አስቀድሙ።

መምህራን፣ አሠልጣኞች! ሲሮጥ የወደቀን ልጅ «ቁርስ አልበላም» ብላችሁ አትለፉት። ታኅሣሥ 1997 የቀነኒሳ በቀለ እጮኛ ዓለም ልምምድ ላይ ወድቃ አረፈች፤ ልቧ ነው ተብሎ ተዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2003 የዓለም ታዳጊዎች የ1,500 ሜትር አሸናፊ ነበረች። የአርሲና የስምጥ ሸለቆው ልጅ ሁሉ ሯጭ መሆን በሚመኝበት አገር የልጅን ልብ ሳያዩ ማስሮጥ እንዴት ይቻላል? ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ለውድድር የሚቀርብን ስፖርተኛ ሁሉ በኢሲጂ ትመረምራለች፤ በቬኔቶ ግዛት የወጣት ስፖርተኞች ድንገተኛ ሞት ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ወረደ። የአዳማ ከተማ ክለብ ይጀምር። የቀበሌው ቡድን ይከተል።

እጃችሁንም አሠልጥኑ። እግር ኳስ ተጫዋቹ ክርስቲያን ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ2021 ኮፐንሃገን ሜዳ ላይ ልቡ ቆማ የተረፈው አጠገቡ የነበሩት ወዲያው ደረቱን ስለተጫኑና የልብ ማስነሻ መሣሪያው ቅርብ ስለነበረ ነው። ሰው ወድቆ ካልነቃ፣ በወጉም ካልተነፈሰ አትጠብቁ። አንዱ 907 ይደውል፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥራ። ሌላው ሁለት መዳፉን ደራርቦ ደረቱ መሃል ላይ ይጫን፤ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ሲደክመው ይቀየር። አይቁም!

ይህን ማን ያስተባብር? እድሩ! ማን ቤት ማን እንደሞተ፣ በስንት ዓመቱ እንደሞተ፣ ከእድሩ ጸሐፊ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ወንበርና ድስት የምንገዛበት ሣጥን ነርስ ጋብዞ ደረት መጫን ለማስተማር አያንስም። አሥር እድር ቢተባበር ለከተማው ስታዲየም የልብ ማስነሻ መሣሪያ መግዛት ይጀምራል። የወጣት ድንገተኛ ሞት ሲደርስም፣ ከድንኳኑ መነሳት በፊት፣ ቤተሰቡን ቀስ ብሎ «የቀሩትን ልጆች እናስመርምር፣ እኛ እንሸኛችኋለን» የሚል ሁለት ሰው ይመረጥ። የታክሲውን እድሩ ይክፈል።

ዛሬ ማታ እናታችሁን ጠይቁ። ስሞቹን ጻፉ። ቀጣዩ ስብሰባ እሁድ ከሆነ አጀንዳውን ነገ ጠዋት ለእድሩ ጸሐፊ አስይዙ።