ስለ ታመመች ዶሮ አጠባበቅ

«ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» ይባላል። ስለዚህ እህል ተበትኖ ጓደኞቿ ሲሻሙ፥ ላባዋን ነፍታ ዓይኗንም ከድና ለብቻዋ የምትቆም ዶሮ ብትገኝ መታመሟን ማወቅ ይገባል። ዶሮ ሕመሟን የምትሸሽግ ፍጥረት ናትና፥ ምልክቱ በታየ ጊዜ ሕመሙ ሰንብቶ ይሆናል። በብዙ ቤት ግን ያን ጊዜ የሚሰጠው ትእዛዝ «ሳትሞት ገበያ አውጥታችሁ ሽጧት» የሚል ነው። ይህ ትእዛዝ ጥቂት ገንዘብ ቢያተርፍም የሚያስከትለው ጉዳት ከዋጋዋ እጅግ ይበልጣል። እንግዲህ ከመሸጥ ይልቅ ሊደረግ የሚገባው ይህ ነው።

መጀመሪያ፤ ዶሮይቱን ከጓደኞቿ ለይቶ፥ ነፋስ በማይመታው ሙቀት ባለው ስፍራ ንጹሕ ውሃ አቅርቦ ማኖር ነው። ጠባቂዋም ጤነኞቹን አስቀድሞ መግቦ ወደ እርስዋ በመጨረሻ ይሂድ፤ ከነካትም በኋላ እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ሁለተኛ፤ በማለዳ ምግብ ሳትቀምስ፥ ከደረቷ በላይ በአንገቷ ሥር ያለውን የምግብ ከረጢት በጣት ቀስ ብሎ መዳሰስ ነው። ዶሮ ጥርስ ስለሌላት የለቀመችውን በዚህ ከረጢት ታጠራቅማለች፤ ከዚያም ጥቂት በጥቂት ወደ ጨጓራዋ እየወረደ፥ በዋጠቻቸው ጠጠሮች ይፈጫል። በጤነኛ ዶሮ ማታ የሞላው ከረጢት ሲነጋ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ጠንክሮ ቢገኝ ግን ረዥም ደረቅ ሣር፥ ክር ወይም የላስቲክ ቍራጭ ዘግቶታል ማለት ነው። ያን ጊዜ እህል ከልክሎ ውሃ እያጠጡ፥ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በለዘብታ ማሸት ይጠቅማል፤ በማግሥቱ ካልጎደለ የእንስሳት ሐኪም ይጠራ። ከረጢቱ ውሃ እንደ ሞላው ስልቻ ለስልሶ አፏም ኮምጣጣ ሽታ ቢሸት፥ ምግቡ በውስጡ ቦክቷልና መድኃኒቱን ሐኪም ይዘዝ። አንዳንድ ሰዎች ያስታውኳት ዘንድ እግሯን ይዘው ቍልቍል ይዘቀዝቋታል፤ ነገር ግን ፈሳሹ ወደ መተንፈሻዋ ገብቶ ወዲያው ሊገድላት ስለሚችል ይህን ማድረግ አይገባም።

ሦስተኛ፤ ኩሷን መመልከት ነው። በኩሷ ላይ የሚታየው ነጭ ነገር ሽንቷ ነው፤ አልፎ አልፎ የምትጥለው ቡናማና የሚያጣብቅ ኩስም ሕመም አይደለም። ደም ቢታይበት ግን፥ በተለይም በጫጩቶች፥ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ በርጥብ ጕዝጓዝ ስለሚበረታ፥ ጕዝጓዙን ማድረቅና ከሐኪም የታዘዘውን መድኃኒት በውሃ መስጠት ያስፈልጋል።

ኩሷ አረንጓዴና ውሃ መስሎ፥ ትንፋሿ ቢያጥርና አንገቷ ቢጠመዘዝ፥ ፈንግል ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ይህ በሽታ በ1926 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ አጠገብ ስለ ታወቀ፥ በዓለም የሚጠራው በዚያች ከተማ ስም ነው። ለያዛት ዶሮ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ጤነኞቹን ግን አስቀድሞ በዓይናቸው በሚንጠባጠብ ወይም ከውሃ ጋራ በሚጠጡት ክትባት ማዳን ይቻላል፤ ክትባቱም በአገራችን በቢሾፍቱ ይሠራል። የሞተችውንም ለውሻ መጣል ወይም ወንዝ መወርወር ሳይሆን፥ በጥልቅ መቅበር ወይም ማቃጠል ነው።

እንግዲህ የታመመችው ዶሮ ወደ ገበያ ብትሄድ ምን እንደሚሆን እናስብ። ሕመሙ የከረጢት መዘጋት ቢሆን፥ ገዢው ተታለለ ማለት ነው። ፈንግል ቢሆን ግን በኩሷና በቅርጫቱ ሌሎቹን ትበክላለች፤ እነዚያም በየመንደሩ ተበትነው ዶሮውን ሁሉ ይፈጃሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው፥ የልጆቿን ደብተርና የቤቷን ጨው በእንቍላል ዋጋ የምትገዛው ድኻ እናት ናት፤ ዶሮዎቿ ካለቁ የምትተካበት ሌላ ገንዘብ የላትም።

ስለዚህ የቤቱ ጌታና እመቤት ሎሌዎቻቸውን «ሽጧት» ማለትን ትተው «ለይታችሁ አኑሯት፥ ማለዳም ዳስሷት» ብለው ይዘዙ። ይህ ትእዛዝ ወጪው ጥቂት ነው፤ የራስን ዶሮ ያድናል፥ የጎረቤትንም ቤት ይጠብቃል።