ሣቅም እንደ ቡና ነው

በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርጭት በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ሕዝብ ከወደዳቸው አስቂኝ ድራማዎች አንዱ ጥላሁን ጉግሳና ባልደረቦቹ የሠሩት «ቤቶች» መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ አዲስ ክፍል በታየ ቁጥር ተመልካቹ በሁለት ይከፈል ነበር። ግማሹ «የድሮው ጣዕም የለውም» ሲል፥ ግማሹ «ለሣቅ የተሠራ ነገር ምን ያማርራችኋል?» ይል ነበር።

በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ወዳጆች ናቸው። የማይወድ ሰው ጣቢያ ይለውጣል እንጂ አይከራከርም።

የቡና መገኛ በምትባለው በማንኪራ ላደግን ልጆች ነገሩ እንግዳ አይደለም። ቶና ከአቦል፥ በረካም ከቶና ይቀጥናል፤ ቢሆንም ምርቃት አለውና ማንም ቶሎ አይነሣም። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ቡና መቁላት እንጂ ውኃ መጨመር አይበጅም። ቻርሊ ቻፕሊን ከ1914 እስከ 1936 እ.ኤ.አ. ያንኑ ባርኔጣና ከዘራ ይዞ ዓለምን ያሣቀው ታሪኩን እየለዋወጠ ነው።

ደራሲ ታሪክ ሲያልቅበት ከገጠር በመጣ ሰው አነጋገር ማሣቅ ይቀለዋል። በካፊኖኖ አፋችንን ፈትተን አማርኛን በትምህርት ቤት የተማርን እኛ ግን ያ ሣቅ ወደ ከተማ ስንወጣ ይከተለናል።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፥ የአስቂኝ ድራማ አዲስ ክፍል ስናይ «እንደ ድሮው ነውን?» ብለን ብቻ አንጠይቅ፤ «የምንሥቀው በማን ነው?» ብለንም እንጠይቅ። ይህን መጠየቅ ድራማውን መጥላት አይደለም፤ የቀጠነውን ቡና ቀጠነ ማለት ነው።