መደብ የሌላት አስታማሚ

ባለፈው ክረምት የዘመድ ልጅ ታሞ በአንድ ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታል ሕፃናት ክፍል ስመላለስ ከአንዲት እናት ጋር ተዋወቅሁ። የመጣችው ከምዕራብ ጎጃም ነው። የስድስት ዓመት ልጇን የደም ካንሰር ይዞታል። ቀን ቀን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብላ ትውላለች፤ ማታ ከአልጋው ሥር ካርቶን ዘርግታ በጋቢዋ ተጠቅልላ ትተኛለች። ሲነጋ፣ የጽዳት ሠራተኞች ሳይገቡ፣ ካርቶኑን አጥፋ ግድግዳው ሥር ትሸጉጠዋለች። የደም ናሙናውን ላቦራቶሪ የምታደርሰው እሷ ናት። መድኃኒት ውጭ ሲታዘዝ ወረቀቱን ይዛ የማታውቀውን ከተማ የምትዞረው እሷ ናት። ልጁ ሲያስመልሰው ሳፋ ይዛ የምትደግፈው፣ ሲያተኩሰው ወደ ሲስተሯ የምትሮጠው እሷው ናት። ማንበብ ስለማትችል ያገኘችውን ሰው ሁሉ «ይኼ ምን ይላል ወንድሜ?» እያለች ትጠይቃለች።

በሁለተኛው ሳምንት «ልመለስ ነው» አለችኝ። ሌሎቹ ሁለት ልጆቿ ጎረቤት ዘንድ ናቸው። ጊደሯን ሸጣ የያዘችው ገንዘብ አልቋል። ባሏ የክረምቱን እርሻ ጥሎ ሊመጣ አይችልም። ሐኪሞቹ አልበደሏትም፤ መድኃኒቱም ያን ጊዜ አልጠፋም። የዚህ ዓይነቱ የደም ካንሰር ሕክምና ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት እንደሚወስድ ነግረዋታል። ይህን ሁሉ ጊዜ የት አድራ፣ ምን በልታ፣ በምን ትራንስፖርት ተመላልሳ እንደምትጨርሰው የነገራት ሰው ግን አልነበረም።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ቋንቋ መደብ ማለት ስም፣ ደረጃና ደመወዝ ያለው የሥራ ቦታ ነው። በገጠር ቤት ደግሞ መደብ ከጭቃ የሚሠራ መቀመጫና መኝታ ነው። ይህች እናት ሆስፒታሉ ውስጥ ሁለቱም የሏትም። የምትሠራውን ሥራ የሚቆጥረው መዝገብ የለም፤ ጎኗን የምታሳርፍበትም የለም። ከዚህ የሚብሰው ግን እሷን ለመደገፍ የሚቀጠረው ሰው መደብም ወይ አለመኖሩ፣ ወይ ለዓመታት ክፍት ሆኖ መቀመጡ ነው።

የሆስፒታል ሹመትና ቅጥር ሲነገር ጆሯችን የሚቆመው ለሜዲካል ዳይሬክተሩና ለስፔሻሊስቱ ነው። ስፔሻሊስቱ አያስፈልግም የሚል የለም። ጥቁር አንበሳ ውስጥ የሕፃናት ካንሰር ሐኪሞችን እዚሁ አገር ማሠልጠን መጀመሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ሕክምናው ዛሬ ጅማና ጎንደርም ደርሷል። ነገር ግን የሐኪሙ ዕውቀት የሚሠራው ልጁ በቀጠሮው ቀን ሲገኝ ነው። ልጁን በቀጠሮው ቀን የሚያስገኘው ሶሻል ወርከሩ ነው፤ ማደሪያው ነው፤ የአውቶቡስ መሣፈሪያው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ ወደ 400,000 የሚደርሱ ልጆችና ታዳጊዎች ካንሰር ይይዛቸዋል። በሀብታም አገሮች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይድናሉ፤ እንደኛ ባሉ አገሮች የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች ናቸው። ድርጅቱ ለዚህ ልዩነት ከሚጠቅሳቸው ምክንያቶች አንዱ ሕክምናን ጀምሮ ማቋረጥ ነው። ይህን ቃል በሪፖርት ውስጥ ሳነበው የሚታየኝ ያ የታጠፈ ካርቶን ነው።

እናት ከታመመ ልጇ አትለይም የሚለውን እኛ ከማንም አልተማርንም። እንግሊዞች ግን ለረጅም ዘመን ወላጅን ከሕፃናት ክፍል አስወጥተው፣ በሳምንት ለጥቂት ሰዓት ብቻ ያስገቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ጄምስ ሮበርትሰን የተባለ ተመራማሪ አንዲት የሁለት ዓመት ሕፃን ሆስፒታል ውስጥ ከእናቷ ተለይታ ስትጎዳ የሚያሳይ ፊልም ሠራ። በ1959 የፕላት ሪፖርት የተባለው የመንግሥት ኮሚቴ ጥናት ወላጆች ያለ ገደብ እንዲገቡ፣ የትንንሾቹም እናቶች አብረው እንዲያድሩ መከረ። እነሱ እናትን ካስገቡ በኋላ አልጋ አዘጋጁላት። እኛ ከመጀመሪያውም አስገብተናት ወለሉ ላይ ተውናት።

ክፍተቱን እስካሁን የሸፈኑት ወላጆች ራሳቸው ናቸው። አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ትንሹን ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 በስሙ የካንሰር ሶሳይቲ አቋቋሙ። ተስፋ አዲስ የተባለው ድርጅትም በካንሰር የታመሙ ልጆች ወላጆች ያቋቋሙት ነው፤ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ልጆችና አስታማሚዎች ማደሪያና ምግብ ይሰጣል። ሐዘናቸውን ለሌላው ቤት ላደረጉት ሰዎች አክብሮቴ የላቀ ነው። ሆኖም የአንድ አገር የሕፃናት ሕክምና ልጅ በሞተባቸው ወላጆች ጫንቃ ላይ መቆም የለበትም። በጎ አድራጎት የሚኖረው በፕሮጀክት ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ሠራተኛውም ይሄዳል።

ሥራው ደግሞ ማንም ደርቦ የሚሠራው አይደለም። ከኬሞ በኋላ የልጁ ሰውነት በሽታን የመከላከል አቅሙ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ትኩሳት ከጀመረው «እስኪ ይደር» አይባልም፣ በሰዓታት ውስጥ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። ይህን ለእናቲቱ በምትሰማው ቋንቋ፣ እሷም መልሳ እስክትናገረው ድረስ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። ከአፋር ወይም ከሶማሌ ለመጣች እናት በአማርኛ ተናግሮ መሄድ እንዳልተናገሩ ነው። ጸበል ልውሰደው ለምትለውም ቁጣ መድኃኒት አይሆንም። በኤች አይ ቪ ዘመን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው እንደሚሄዱ ተናግረው ነበር። በየአልጋው ዳር ተቀምጦ እንዲህ የሚያነጋግር ባለሙያ እንፈልጋለን።

ያችን እናት ከመመለስ ያስቀራት እንደዚህ ያለ ሰው ነው። አንዲት ወጣት ሶሻል ወርከር ሉክ ደብተሯን ይዛ መጣች፤ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ስለ ሁለቱ ልጆች፣ ስለ እርሻው፣ ስለ ነፃ ሕክምና ወረቀቱ አንድ በአንድ ጠየቀቻት። ወደ ቀበሌው ደወለች። በሦስተኛው ቀን ማደሪያ ተገኘላት። ልጁ አሁንም ሕክምናው ላይ ነው።

ለጤና ሚኒስቴርና ለሆስፒታል ኃላፊዎች የምለው ይኸው ነው። በሚቀጥለው በጀት ሕፃናትን የሚያክም እያንዳንዱ ትልቅ ሆስፒታል የሶሻል ወርከርና የሥነ ልቦና ባለሙያ ቋሚ መደብ ይኑረው፤ መደቡም በሰው ይሞላ። ሕንፃ ስትሠሩ የአስታማሚ ማደሪያ ፕላኑ ላይ ይግባ። የአስታማሚዋ ምግብ ከልጁ ምግብ ጋር ይታሰብ።

ያች ወጣት ሶሻል ወርከር የሆስፒታሉ ሠራተኛ አይደለችም። ደመወዟን የሚከፍለው አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ ኮንትራቷም በመጪው ታኅሣሥ ያልቃል።