የቮልስ ሞተር ከመጣላችሁ በፊት

ቮልስ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ በተለይ ጋራዥ የገባችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ልነዘንዛችሁ ነው። አሮጌ ቮልስ ጭስ ባበዛች ቁጥር «ሞተሯ አብቅቷል፣ ሌላ ይገጠምላት» ማለት ፋሽን ሆኗል። እኔ አልስማማም።

መጀመሪያ ጭሱን እዩት። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፋሻው ተበልቶ ነው። ጥቁር ከሆነ ግን ቤንዚን በዝቷል። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር ያልፋሉ፤ የአየሩ ግፊት በሩብ ገደማ ይቀንሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ጉልበት ይጠፋል። ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ በጠበበ መቀየር ነው መድኃኒቱ። ይኼ እኮ ክፍል ውስጥ የተማራችሁት የአየር ግፊት ነው! (ያኔ ተኝታችሁ የነበራችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።)

ፋሻው ቢበላስ? የቮልስ አራቱ ሲሊንደሮች ለየብቻ ይነቀላሉ። ፒስተንና ሲሊንደር ቀይሮ ማስነሳት ይቻላል። የሞተሩ ካሳ ከተሰነጠቀ እርግጥ ሌላ ወሬ ነው።

መለዋወጫ የለም ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ የመጨረሻዋ አሮጌ ሞዴል ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ የተሠራችው በ1995 ዓ.ም. ነው። የነዳጅ መኪና ማስገባትም በ2016 ተከልክሏል። ታዲያ ያለውን ሞተር ለቁራሌው መስጠት ምን የሚሉት ነው?

አባይ በረሃን የምትወጡ ደግሞ ቺንጋዋን ሳታዩ እንዳትነሱ። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ማራገቢያ የምታዞረው እሷ ናት። ከተበጠሰች ቀይ መብራት ይበራል፤ ያኔ «ደጀን ልድረስና» የለም፣ እዚያው ቁሙ።