የርቀት ጥሪን በመልእክት ወረፋ ላይ ማስኬድ ይገባል ወይ?

አዎ፣ አዳፕተሩ ይግባ

ብዙ ባንኮች ውስጥ ሁለት ዓለም ጎን ለጎን ይኖራል። የሞባይል መተግበሪያውና አዳዲሶቹ አገልግሎቶች በጂአርፒሲ ይነጋገራሉ፤ አንዱ የሌላውን ፈንክሽን ጠርቶ መልስ ይጠብቃል። ዋናው የሂሳብ ሲስተም ግን ሥራውን የሚቀበለው እንደ አይቢኤም ኤምኪው ካለ የመልእክት ወረፋ ነው። ኤምኪው ገበያ ላይ ከዋለ (እ.ኤ.አ. 1993) ሦስት አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬም ደመወዝና ብድር ይተላለፍበታል። እንዲህ ያለውን ሲስተም አፍርሶ እንደገና ለመጻፍ የሚደፍር ኃላፊ አይገኝም፤ ባይደፍርም ልክ ነው።

ይልቅ በሁለቱ መካከል አገናኝ ፕሮግራም፣ ማለትም አዳፕተር ይግባ። አዳፕተሩ ጥሪውን ከነግብዓቱ ወደ መልእክት ይቀይራል፤ መልሱ የሚገባበትን ወረፋና አንድ መለያ ይጽፍበታል፤ መልሱ ሲመጣ በመለያው ጠሪውን ለይቶ ያስረክበዋል። የጃቫ የመልእክት መለዋወጫ መስፈርት የሆነው ጄኤምኤስ ለሁለቱም መረጃዎች በመልእክቱ ራስጌ ላይ ቦታ አዘጋጅቷል። ግሪጎር ሆፕና ቦቢ ዉልፍም እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት የሲስተም ማገናኛ ስልቶች መጽሐፍ አሠራሩን በዝርዝር አስቀምጠውታል። ዋናው ሲስተም ለአፍታ ቢቆም ጥያቄው ወረፋው ላይ ይቆያል፤ ጫና ሲበዛም አንባቢ ሰርቨር መጨመር ይበቃል።

የለም፣ ጥሪና መልእክት አይቀላቀሉ

ባልደረባዬ የገለጹት ሁሉም ነገር ሲሳካ የሚሆነውን ነው። እኔ የምፈራው ሳይሳካ ሲቀር ነው።

ደንበኛ 5,000 ብር ያስተላልፋል እንበል። ጠሪው 30 ሰከንድ ጠብቆ ተስፋ ይቆርጣል፤ ስልኩ «አልተሳካም» ይላል። መልእክቱ ግን ወረፋው ላይ ነው። ደንበኛው እንደገና ይጫናል። ዋናው ሲስተም ሲነቃ ሁለቱንም ያነሳል፣ 10,000 ብር ይወጣል። ወረፋው አደራውን በታማኝነት ተወጥቷል፤ ጥፋቱ መልእክትን ጥሪ ያስመሰለው አዳፕተር ነው።

የሰን ማይክሮሲስተምስ ተመራማሪዎች ጂም ዋልዶና ባልደረቦቹ የሩቁን እንደ ቅርቡ አስመስሎ ማቅረብ አደገኛ መሆኑን ያስጠነቀቁት እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። እዚህ ደግሞ ማስመሰሉ ድርብ ነው። ደብዳቤ ፖስታ ቤት አስገብቶ መልሱ እስኪመጣ መስኮቱ ላይ እንደመቆም ነው፤ ሌላው ተገልጋይም ከኋላ ይደረደራል። መልስ የሚጠብቁ ጥሪዎች በበዙ ቁጥር የፊተኛው ሰርቨር ክሮችና ግንኙነቶች ይያዛሉ፤ የኋላው መዘግየት የፊቱንም ይዞ ይወድቃል። ታዲያ ወረፋው ምኑን ለያየው?

ይልቅ ለደንበኛው የማመልከቻ ቁጥር ወዲያው ይሰጠው፤ ሲፈጸም በአጭር መልእክት ይነገረው።

የደጋፊው ምላሽ

ድርብ ክፍያው ከወረፋው የመጣ አይደለም። የጂአርፒሲ ሰነድ ራሱ የጊዜ ገደብ አለፈ የሚለው ስህተት ሥራው ተፈጽሞም ሊመጣ እንደሚችል በግልጽ ይናገራል። ቀጥታ ቢጠሩም ያው ጥርጣሬ አለ። ጥሩ አዳፕተር የጠሪውን ቀሪ ጊዜ ለመልእክቱ ዕድሜ ያደርገዋል፤ ጊዜው ካለፈ ዋናው ሲስተም አያገኘውም። ተነስቶ በመሠራት ላይ ላለው ደግሞ ድግግሞሽ የሚከላከል ቁልፍ አለ፤ ያው ቁልፍ ሁለተኛ ሲመጣ ሥራው አይደገምም። ቀሪ ሂሳብ ማየት የፈለገ ሰውንስ በአጭር መልእክት እናስጠብቀው?

የተቃዋሚው የመጨረሻ ቃል

ቀሪ ሂሳብን ትቻለሁ፤ ማንበብ ቢደገም ጉዳት የለውም፣ በአዳፕተር ይሂድ። የገንዘብ ዝውውር ላይ ግን አልስማማም። ቁልፉን አይቶ «ይህን ሠርቼዋለሁ» ማለት ያለበት ዋናው ሲስተም ነው፤ እርስዎ ደግሞ አይነካም ያሉት እሱን ነው። ቁልፉን አዳፕተሩ ይመዝግብ ካሉ፣ መዝገቡና ወረፋው በአንድነት መጽደቅ አለባቸው፤ አንዱ ጸድቆ ሌላው ቢቀር ገንዘብ ይደገማል ወይም ይጠፋል። ያኔ አዳፕተሩ የራሱ ዳታቤዝ፣ የራሱ ምትኬና የሌሊት ተረኛ የሚያስፈልገው ሌላ የሂሳብ ሲስተም ሆኗል፤ በጀቱ ላይ ግን አሁንም ማገናኛ ተብሎ ነው የተመዘገበው።